የጎርፍ ቀን ጫማ

«እትዬ ኡሙ፣ ጓንዡ ከመሄዴ በፊት ምን ምን ላስብ?»

ጠያቂዋ ዘሊካ ናት። ከሮቢት በባጃጅ መጥታ፣ ቆቦ ገበያ አጠገብ ካለው የእነኡሙልኸይር የጨርቅ ሱቅ ገብታ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የነፃ ትምህርት ዕድል ከደረሳት ገና ሳምንቷ ነው፤ ሰውነቷ ቆቦ ይሁን እንጂ ሐሳቧ አውሮፕላን ከተሳፈረ ቆይቷል። ኡሙልኸይር ደግሞ እዚያው ቻይና፣ እዚያው ጓንዡ ተምራ፣ እዚያው ሥራ ይዛ ቀርታለች። አባቷን ለማየት ለክረምት ብቅ ስትል ከሦስት ዓመት ወዲህ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ታዲያ ከእሷ ሌላ ማን ይጠየቃል?

ችግሩ ዘሊካ የመህዲ እህት መሆኗ ነው። አገጩን፣ ስትስቅ አንድ ዓይኗን ጨፈን ማድረጓን ሳይቀር ከወንድሟ ወስዳለች። ኡሙልኸይር ደግሞ ስለ መህዲ አንድም ነገር ላትጠይቅ ለራሷ ምላ ነው የመጣችው። ስለዚህ ልጅቷን ፊት ለፊት ላለማየት፣ ምንም ያልሆነውን ጣቃ ከመደርደሪያ እያወረደች መልሳ መጠቅለል ያዘች።

«ሙቀቱን አትፍሪ፤ የቆላ ልጅ ነሽ» አለቻት። «ግን የእኛ ሙቀት ደረቅ ነው። የእነሱ እርጥብ ነው፤ ልብስ አጥበሽ ብታሰጪ ቶሎ አይደርቅልሽም። ብር በእጁ የሚይዝ ሰው አታዪም፤ ሁሉም የሚከፍለው በስልክ ነው። ስልክሽ የጠፋ ቀን አንቺም ጠፋሽ በይ። ከቤተሰብ ጋር በምን እንደምታወሪ ከዚህ ሳትወጪ አስተካክዪ፤ እኛ የለመድናቸው መተግበሪያዎች እዚያ አይከፈቱም።»

«ምግቡስ? ሀላል አለ?»

«አለ፣ አብሽሪ። ምግብ ቤቶቹን በአረብኛ ጽሑፋቸው ታውቂያቸዋለሽ። የሚከብድሽ ምግቡ አይደለም። የሚከብድሽ ያን በሚያህል ሕዝብ መሀል ስምሽን የሚጠራ አንድ ሰው አለመኖሩ ነው። ባቡር ውስጥ ሻሽሽን እያዩ ፎቶ ያነሱሻል፤ ለክፋት አይደለም፣ ግን ይደክማል። ደግሞ ጫማ ከዚህ ይዘሽ ሂጂ፤ በእኛ እግር ልክ ጫማ ማግኘት…»

ጫማ ስትል ቆም አለች። ጣቃው እጇ ላይ ቀረ።

ከመህዲ ጋር ያስተዋወቃት ጫማ ነበር።

ያኔ ከኮምቦልቻ በጨርቃጨርቅ ምህንድስና ተመርቃ ሥራ አጥታለች። አባቷ ሱቅ ቁጭ ብላ፣ አምስት ዓመት የተማረችውን ጨርቅ በሜትር እየለካች ትሸጣለች። አንድ ቀን ከጎብዬ ወደ ቆቦ በሚኒባስ ስትመለስ፣ ከሮቢት አለፍ ብሎ ያለው ደረቅ ወንዝ ጋ መኪናው ቆመ። በቆላው ጠራራ ፀሐይ ነው፤ አንዲት ጠብታ አልወረደም። ምዕራብ በኩል ያለው ደጋ ግን ጠቁሯል፣ የደጋው ዝናብም ድንጋይ እያንከባለለ እየወረደ ነው።

ተሳፋሪው ሁሉ «ኤጭ!» አለ። አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት ብቻ ዒድ እንደደረሰለት ልጅ ብድግ አለ።

«መጣ! ወላሂ መጣ!»

የቆላ ገበሬ ለዚህ ጎርፍ ነው የሚኖረው። ከደጋ የወረደውን ውሃ አፈር በመከመር፣ ግንድ በማጋደም ጠልፎ ወደ ማሽላው ይመራዋል። ውሃው በየተራ ነው። ተራህ ደርሶ ማሳህ ላይ ካልተገኘህ ወደ ቀጣዩ ሰው ያልፋል፣ የሚጠብቅህ የለም። ልጁ ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ላይ ገና የገበያ ሽታው ያልለቀቀ አዲስ ቆዳ ጫማ አወለቀና ኡሙልኸይር ጭን ላይ አኖረው።

«እህቴ፣ በአላህ ያዥልኝ!»

«እኔ? የት አግኝቼ ልመልስልህ?»

«ቆቦ አይደለሽ? እመጣለሁ። መህዲ ነኝ፣ የኢብሮ ልጅ።»

«እኔን አታውቀኝም እኮ!»

«ጫማዬን አውቀዋለሁ!» ብሎ ወርዶ በባዶ እግሩ ማሳ ለማሳ ሮጠ።

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። ኡሙልኸይር ግን የማታውቀውን ሰው ጫማ አቅፋ፣ ነጭ ሸሚዙ ከማሽላው መሀል እስኪጠፋ ዓይኗን አልነቀለችም። ጫማውን ወስዳ ከጣቃዎቹ መሀል መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። አባቷ ካሳ፣ ቁምነገረኛ ሰው፣ «ይኼ የማን ነው?» አሏት።

«ጎርፍ ያመጣው ነው፣ አባየ።»

በሳምንቱ የገበያ ቀን መህዲ ሱቅ ለሱቅ «ጫማዬን ያያችሁ?» እያለ ቆቦን አስቆ አገኛት። ቅልጥሙ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር። ጫማውን ተቀብሎ መሄድ ሲገባው አንድ ሜትር ጨርቅ ገዛ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሌላ አንድ ሜትር። ከዚያም ሌላ።

«በዚህ አያያዝህ» አለችው አንድ ቀን፣ «ማሳህ ላይ መጋረጃ ያልተሰፋለት ሽንኩርት አይቀርም።»

አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሳቀ። ሁለቱም ትንሽ ተያዩ፤ ካሳ ከጓዳ ሲያስሉ ነው ሜትሩን ያስታወሱት። የልብ ነገር በአፍ አልተባለም። የተባለ ያህል ግን ነበር፣ እነሱም ያውቁታል፣ ግማሹ ገበያም ያውቀዋል።

የጓንዡ ዕድል የመጣው በዚህ መሀል ነው። ዜናውን ለመንገር ማሳው ድረስ ሄደች። መህዲ ሽንኩርቱን ውሃ እያጠጣ ነበር። ነገረችው። አካፋውን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈው።

«ስንት ዓመት ነው?»

«ትምህርቱ ሁለት ነው። ከዚያ በኋላ… እንጃ።»

«እዚያ የምታውቂው ሰው አለ?»

«የለም።»

«ውሃው ይስማማሽ ይሆን?»

ኡሙልኸይር የፈለገችው ይህን አልነበረም። የፈለገችው አንድ ቃል ነው፦ ቅሪ፣ ወይም እጠብቅሻለሁ፣ ወይም አብሬሽ ልምጣ፣ ወይም ምንም የማይረባ ግን የእሱ የሆነ አንድ ቃል። ውሃው በቦዩ እየሄደ፣ እሱ ውሃውን እያየ፣ እሷ እሱን እያየች ብዙ ቆሙ።

«አስቢበት» አላት በመጨረሻ። «እኔም የማስበው ነገር አለኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠፋ።

የገበያ ቀን መጣ፣ መህዲ አልመጣም። ሌላም መጣ፣ አልመጣም። ደወለች፣ አላነሳም። ያን ሰሞን ኔትዎርክ እንኳ አልጠፋም ነበር፤ ለማሳበብ የሚሆን ነገር ጠፋ።

በፈንታው መካሪ በዛ። ከጅዳ የተመለሰችው ጎረቤት ሱቅ ድረስ መጥታ «ፓስፖርትሽን ለማንም አትስጪ» አለቻት። የቀድሞ አስተማሪዋ ዲግሪዋን አዲስ አበባ ሄዳ እንድታረጋግጥ አጥብቆ ነገራት። አንዱ ስለ ብርዱ ፈራላት፣ ሌላው ስለ ቋንቋው፣ ሌላው እባብ ይበላሉ አላት። ኡሙልኸይር ሁሉንም እሺ እያለች ሰማች። ሰው ሲገባ ግን ዓይኗ ቀድሞ የሚሄደው በሩ ላይ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቷ ጨርቅ እያጠፉ ድንገት ጠየቋት።

«ኡሙዬ፣ ልብሽ ወዴት ነው?»

በሩን አየችው። የገባ ሰው የለም። ልቧ በንዴት ሞላ።

«እሄዳለሁ፣ አባየ።»

የካሳ እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። «ጨርሰሽ አስበሽበታል?»

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው አላህ ያቅናልሽ» አሉና ማጠፋቸውን ቀጠሉ።

የሄደች ቀን ሚኒባሱ ሮቢት ሲደርስ አየችው። መንገድ ዳር፣ ያንኑ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ያንኑ ጫማ ተጫምቶ ቆሟል። መስኮቱን ከፈተች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እጁን እንኳ አላነሳም። መኪናው ሲያልፍ አንገቱን ሲደፋ አየች፤ እሷም መስኮቱን ዘጋች። ወልድያ እስክትደርስ አለቀሰች፣ ከወልድያ በኋላ እልህ ያዛት።

እልህ ጓንዡ ያደርሳል፤ አድርሷታልም። ሰማይ የሚነኩ ሕንፃዎች መሀል ክፍል ተከራየች፣ ቋንቋውን እየሰባበረችም ተማረችው፣ ጥሩ ተማሪ ሆነች፣ ጥሩ ሥራ አገኘች። ከተማዋን የሚያቋርጥ ትልቅ ወንዝ አለ፤ ክረምት ከበጋ ሞልቶ ይፈስሳል። ከሥራ ስትወጣ ዳሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ይህን የሚያህል ውሃ ሲያልፍ «መጣ!» ብሎ የሚሮጥለት አንድ ሰው እንኳ አለመኖሩ ይገርማታል። ከዚያ ስለ መህዲ ማሰቧን ታውቅና በራሷ ትናደዳለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

«እትዬ ኡሙ? ጫማ ብለሽ ቆምሽ እኮ።»

ዘሊካ እየሳቀች ታያታለች። ኡሙልኸይር ጣቃውን መደርደሪያ ላይ መለሰችው።

«ጫማ ይዘሽ ሂጂ ነው የምልሽ።»

«እሺ። ያንቺን ግማሽ ድፍረት ቢሰጠኝ ሌላው አያስፈራኝም ነበር» አለች ዘሊካ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ላይ ተቀይሜሽ ነበር። አሁን ሳድግ ግን ገባኝ። ሽማግሌ መልሶ ባሕር ማዶ መሄድ ቀላል ነገር ነው እንዴ?»

«የምን ሽማግሌ?»

«እነሼሁን ነዋ። መህዲ የላካቸውን።»

ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ። ዘሊካ የኡሙልኸይርን ፊት አይታ ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«አታውቂም ነበር?» አለች በሹክሹክታ። «ያ ረቢ! ማሳ ላይ በተለያያችሁ ማግስት እኮ ነው የላካቸው። ሼሁ ምላሹ እስኪመጣ ልጅቷ ፊት እንዳትቆም፣ በስልክም ቢሆን እንዳታናግራት ብለው አስምለውታል። በእኛ መንደር ሽማግሌ ልኮ ልጅቷን ማናገር፣ ሽማግሌዎቹን አላስፈለጋችሁኝም ብሎ መስደብ ነው። ስልክሽ ሲጮህ እያየ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን እኔ ላነሳልህ ብዬው ተቆጣኝ።»

ኡሙልኸይር በርጩማ ፈልጋ ተቀመጠች። ያን ሁሉ የገበያ ቀን በሩ ላይ ያጣችው ሰው፣ እሷን ሊያገባ ፈልጎ ነበር ቤቱ የተቀመጠው። እሷ የከተማ ልጅ፣ ቆቦ አስፋልት ዳር ያደገች፣ ዝምታውን በከተማ ዓይን አየችው። በባጃጅ አንዴ በሚደረስበት መንደር ውስጥ ያው ዝምታ «አገባሻለሁ» ማለት እንደሆነ የነገራት አልነበረም።

«አሁንስ?» አለች፣ ለራሷ የማለችውን አፍርሳ።

ዘሊካ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «አምና አገባ። ሳሊሀን። ወንድ ልጅ ወልደዋል። ሁለት ዓመት እምቢ ብሎ ነበር፤ በኋላ አባቴ ታመመና…»

ካሳ ከመስጊድ ሲመለሱ ልጃቸውን በርጩማው ላይ እንዳለች አገኟት። ዘሊካ በበሩ በኩል ሾልካ ውጭ ቆመች።

«አባየ፣ ሽማግሌ መጥቶልኝ ነበር?»

ካሳ ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። «መጥቷል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀኑ መልስ ተሰጥቶት ያውቃል? ለልጅቷስ በመጀመሪያ ቀን ይነገራታል? ከመውሊድ በኋላ ተመለሱ አልኳቸው። ወጉ ነው። ከዚያ አንቺን ጠየቅሁሽ። ልብሽ ወዴት ነው አልኩሽ።»

«ስለ እሱ መሆኑን አልነገርከኝም!»

«ስሙን ብጠራብሽ ጫና ይሆንብሻል ብዬ ነው። እሱን ከፈለግሽ ስሙን አንቺው ትጠሪዋለሽ ብዬ ነበር። አልጠራሽም። እሄዳለሁ አልሽ፤ እኔም ልጄ መርጣለች አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ‹ልጅቷ ሄዳለች› አልኳቸው።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እናትሽ ብትኖር እንዴት እንደሚጠየቅ ታውቅበት ነበር። እኔ ሴት ልጅ ማሳደግ እንጂ ሴት ልጅ መጠየቅ አልችልበትም።»

ልትቆጣቸው ፈልጋ ነበር። የታጠፈውን ጨርቅ ፈትተው እንደገና ሲያጥፉት አየችና ተወችው።

ዘሊካን ልሸኛት ብላ አብራት ባጃጅ ገባች። ሁለቱም ወደ ማን እንደምትሄድ ያውቃሉ። ሮቢት ሊደርሱ ሲሉ ኡሙልኸይር ድንገት ጠየቀቻት።

«ዝም ያለሽ ሰው አለ?»

ዘሊካ ሻሿን አስተካከለች።

«ካለ፣ ከመሄድሽ በፊት ቤቱ ድረስ ሂጂና ጠይቂው። ነውር ነው ቢሉሽም ሂጂ። ሌላው ሁሉ፣ ስልኩም፣ ምግቡም፣ ቋንቋውም እዚያ ይደረስበታል። ይኼኛው ከዚያ ሆነው አይደረስበትም።»

መህዲ ማሳው ራስ ላይ ነበር፤ የጎርፍ መጥለፊያውን አፈር እየከመረ። ሲያያት አካፋውን ያኔ እንዳደረገው መሬት ላይ ተከለው። ትንሽ ሰውነቱ ጨምሯል። ዘሊካ ራቅ ብላ ቆመች።

«እንኳን ደህና መጣሽ።»

«እንኳን ደህና ቆየኸኝ። ልጅ ወለድክ አሉኝ፤ አላህ ያሳድግልህ።»

«አሚን።»

የማሽላው ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ምዕራብ ያለው ደጋ ጠቁሯል።

«አልተነገረኝም ነበር፣ መህዲ» አለች። «ዛሬ ነው የሰማሁት። ከእህትህ አፍ።»

ፊቱ ላይ የሆነው ነገር እንዳይታይበት ወደ ደጋው ዞረ።

«እኔ መሄድሽ መልስሽ መሰለኝ» አለ። «ሲነግሩሽ ጥለሽኝ የሄድሽ መሰለኝ። ያን ቀን መንገድ ዳር የቆምኩት ምናልባት ካየሽኝ ትወርጃለሽ ብዬ ነበር። እጄን ባነሳ ሽማግሌዎቹን ማዋረድ ሆነብኝ።»

«እኔ ደግሞ እጅህን ብታነሳ እወርድ ነበር።»

«ቅሪ ብልሽስ ኖሮ? ትቀሪ ነበር?»

ልትዋሽለት ትችል ነበር። አላደረገችውም።

«ላልቀር እችል ነበር። ግን ኒካህ አስረን እሄድ ነበር። ተምሬም እመለስ ነበር።»

መህዲ ራሱን ነቀነቀ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ እንኳ አላስፈለገም ነበር፤ አሁን ለሁለቱም የገባቸው ይኼ ነው። እሷም ልትሄድ፣ እሱም ሊጠብቅ፣ ውሃውም ሊደርስ ይችል ነበር። ኡሙልኸይር እወድህ ነበር ልትለው አስባ፣ «ነበር» የሚለው ውሸት ስለሚሆንባት ተወችው።

ከላይ በኩል ጩኸት ተሰማ። «መጣ! መጣ! የመህዲ ተራ ነው፣ መህዲ!»

ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። መህዲ አላሰበበትም፤ እግሩ ለምዶታልና ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ቀና ሲል ጫማውን ወደ እሷ ዘርግቶ ነበር።

እሷም ሁለት እጇን ዘርግታ ነበር።

እንደዚያ ሆነው ቆሙ። ከማሳው ማዶ፣ ከቤቱ በር ላይ፣ ሳሊሀ ልጇን ታቅፋ ጎርፉን ልታይ ወጥታለች።

መህዲ ጫማውን ወደ ራሱ መለሰ፣ ብብቱ ሥር አደረገው።

«ይዤው እሮጣለሁ» አላት ቀስ ብሎ።

«ሩጥ» አለችው። «ተራህ ያልፍብሃል።»

በባዶ እግሩ ወደ ውሃው ሮጠ። ኡሙልኸይር ነጭ ሸሚዙ ከማሽላው መሀል እስኪጠፋ ድረስ እጆቿን አላወረደችም።